ከቡሬ የመጣው ፍሎፒ

ስሙኝማ፣ የፍኖተ ሰላምን ነገር ላጫውታችሁ።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚውሉት ራፖር ጸሐፊዎች ኦሊቬቲያቸውን ገና አልጣሉም። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋር ካገናኙት ስንት ዘመኑ! መኪናው ግን ቁልፉ ለፊደሉ ብዛት ስለማይበቃው ቅጥያ እየለጠፈ ነበር የሚጽፈው። ለመኪናው ሲባል ፊደል ይቀነስ ያሉም ነበሩ። እኔ የተቀጠርኩት ከጸሐፊዎቹ አለፍ ብላ በነበረች የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነው። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ጨርቅ ይለብሳል፤ የገበያ ቀን አቧራ አይምረውም። መብራት ድንገት ስለሚሄድ በየመስመሩ ሴቭ እናደርጋለን።

አንድ ቀን አንድ አባት ከቡሬ መጡ። በርበሬ በጫነ አይሱዙ ነው የመጡት፤ ጋቢያቸው ገና ያስነጥሳል። የጋቢውን ጫፍ ፈትተው ፍሎፒ ሰጡኝ። ማመልከቻውን የወንድማቸው ልጅ ቡሬ ላይ አስጽፎላቸዋል። የድንበር ክርክር ነው፤ ቀጠሮው በማግስቱ። የቀረው ማተም ብቻ ነው።

ፍሎፒውን አስገባሁት። ክርር፣ ክርር ብሎ ተከፈተ። ስክሪኑን የሞላው ግን የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ ነው። አንድ «ሀ» እንኳ የለም።

«ልጄ፣ ነገሬን ምን አደረጉብኝ?» አሉ።

«አልጠፋም አባባ። የተጻፈበት ፎንት እኛ ጋ የለም እንጂ ጽሑፉስ አለ።»

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የዚያ ዘመን ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ፣ የግዕዝ ቁጥሮቹ፣ አራት ነጥቡና ድርብ ሰረዙ ሲታከሉ ያንን አልፈው ይሄዳሉ። ስለዚህ ሶፍትዌር ሠሪዎቹ የእንግሊዝኛውን መቀመጫ እየወሰዱ፣ ሁሉም በየራሱ ሥርዓት ፊደሉን አሰፈረ። በፓወር ግዕዝ የተጻፈውን ቪዥዋል ግዕዝ ብቻ ያለው ቤት አያነበውም። ፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ይይዛል፤ ፎንቱን ጨምሮ ለማምጣት ይበቃ ነበር፣ ግን ማን ነግሯቸው!

አባት ጥቂት አሰቡና ወንበር ሳቡ። «በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ጻፍ» አሉ። በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ ሰው ናቸው፤ ቃል አይጥሉም። አዋሳኙን ከምሥራቅ ጀመሩ፦ ወንዙ። በምዕራብ የእህታቸው ልጅ ይዞታ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ተከሳሹ። ስማቸው ጋ ስንደርስ ግን እጃቸውን አነሡ። «ስሜ በብዙኃኑ ኀ ነው። በሃሌታው እንዳታደርገው።»

ቁልፉን ነካሁ፤ ኀ ወጣች። ጎንበስ ብለው አዩዋትና «እሷ ናት» አሉ። ታይፕ ላይ ተቆርጣ ልትቀር የነበረች ፊደል! ያን ዕለት የገባኝን ዛሬም አምናለሁ፦ መኪናው ለፊደሉ ይስፋ እንጂ ፊደሉ ለመኪናው አይጠብም።

በሌላ አገር ደግሞ ይኸንኑ የሚሉ ሰዎች ሲለፉ ኖረዋል። ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ፊደላችንን ለኮምፒውተር ካበቁት ውስጥ ናቸው። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደል የማይቀያየር መለያ ቁጥር ሰጠ። በእኛው 1999 ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለ የግዕዝ ፎንት ይዞ ገበያ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በዩኒኮድ የተጻፈ ማመልከቻ ከቡሬ ቢነሣ ፍኖተ ሰላም ላይ እንደተጻፈ ይነበብ ጀመር።

የድሮው ጽሑፍ ግን በየመሳቢያው አለ። የዕድር መተዳደሪያ፣ የውርስ ሰነድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር፣ ሁሉም በአሮጌ ፎንት በፍሎፒ ታስሯል። ማግኔቱ ከዓመት ዓመት ይደክማል፤ አንባቢ ማሽኑም እየጠፋ ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጡ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ መሳቢያ ያላችሁ ዘንድሮውኑ ክፈቱት።