የጻድቅ መከራና የእግዚአብሔር ፍርድ፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በግዞት ሳለ

እግዚአብሔር ጻድቅ ፈራጅ ከሆነ ንጹሕ ሰው ስለ ምን መከራ ይቀበላል? ይህ ጥያቄ ከኢዮብ ዘመን ጀምሮ በሰው ልብ ሲመላለስ የኖረ ነው። ብዙ ሊቃውንት በመጽሐፍ መርምረውታል፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ግን በሥጋው ተፈተነበት።

ዮሐንስ በአንጾኪያ ተወልዶ አድጎ፥ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ398 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የመኳንንቱን ቅንጦትና የካህናቱን ስንፍና ስለ ገሠጸ በቤተ መንግሥትም በቤተ ክርስቲያንም ጠላት በዛበት። በ403 ዓ.ም. በኬልቄዶን አጠገብ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በቴዎፍሎስ መሪነት የተሰበሰበው ጉባኤ ከመንበሩ ሻረው። ወዲያው ተመልሶ ነበር፤ ነገር ግን ንግሥት አውዶክስያ ዳግመኛ ተቈጣችው፥ ንጉሡ አርቃድዮስም በሰኔ 404 ዓ.ም. በአርማንያ ተራሮች መካከል ወዳለችው ወደ ኩኩሶስ በግዞት ላከው።

ይህ ነገር ምእመናንን እጅግ አሰናከላቸው። መከራው ከአረማውያን እጅ የመጣ ቢሆን ሰማዕትነት ነው ብለው በተጽናኑ ነበር፤ ነገር ግን ንጉሡም ክርስቲያን፥ ፈራጆቹም ጳጳሳት ነበሩ። በዚያው ዓመት ንግሥቲቱ በሞተች ጊዜ አንዳንዶች የእግዚአብሔር ቍጣ ነው አሉ። ዳሩ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ ከሰው አሟሟት እናውቃለን የሚሉ ሁሉ፥ በኋላ በግዞት መንገድ የሞተውን ዮሐንስንም ሊኰንኑት በተገባ ነበር።

ዮሐንስ ራሱ በሌላ መንገድ አስተማረ። በግዞት ሳለ ስለ እግዚአብሔር መግቦት በጻፈው መጽሐፍ፥ የእርሻን ነገር የማያውቅ ሰው ገበሬ ንጹሕ ስንዴ በጭቃ ላይ ሲበትን ቢያይ እንደሚነቅፈው፥ መከሩ እስኪደርስ ቢታገሥ ግን እንደሚያደንቀው ገለጠ። በሌላው ድርሳኑም ኢዮብን፥ አልዓዛርንና ሠለስቱ ደቂቅን ምስክር አድርጎ፥ ሰው ራሱን ካልጐዳ በቀር ማንም ሊጐዳው እንደማይችል አስረዳ። ሀብት፥ ጤና፥ መንበርም ይወሰዳሉ፤ የነፍስ ጽድቅ ግን ባለቤቱ ካልጣለው አይወሰድም።

በዚህ ምክንያት የሥጋን ሕማም እንደ ኢምንት ቈጠረው የሚል ሰው ቢኖር፥ ለዲያቆናዊት ኦሎምፒያዳ የላካቸውን 17 ደብዳቤዎች ይመልከት። በእነርሱ ውስጥ የክረምቱን ብርድ፥ የሆዱን ሕመም፥ የወንበዴዎቹን ሽብር አልሸሸገም። እርስዋንም ኀዘን እንዳይውጣት ሲመክር፥ ሐኪምና መድኃኒት እንድትሻ ያሳስባት ነበር። የደረሰበትንም ግፍ እግዚአብሔር ስለ ፈቀደው ፍትሕ ነው አላለም፤ ለሮሙ ጳጳስ ለኢኖከንትዮስ ጽፎ ፍርድ ጠየቀ እንጂ። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ ትዕግሥት ማለት ግፍን ጽድቅ ብሎ መጥራት አይደለም። እግዚአብሔር ክፉውን ወደ በጎ ይመልሰዋል፤ ክፉ አድራጊው ግን ስለዚህ አይመሰገንም።

በ407 ዓ.ም. በጥቁር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ጲጥዩስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ሰውነቱ ደክሞ ሳለ በፀሐይና በዝናም ሲያስኬዱት፥ በጶንጦስ ኮማና ደርሶ ዐረፈ። ከ31 ዓመት በኋላ፥ በ438 ዓ.ም.፥ የአርቃድዮስና የአውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን በክብር ወደ ቍስጥንጥንያ አስመጥቶ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ኅዳር 17 ቀን ዕረፍቱን፥ ግንቦት 12 ቀን የዐፅሙን ፍልሰት ታስባለች፤ ከ14ቱ ቅዳሴያትም አንዱ በስሙ ይጠራል።

ዮሐንስ ግን ይህን ሁሉ በዓይኑ አላየም። ስለ መከር የጻፈው፥ ራሱ ገና በጭቃው ላይ እንደ ተበተነ ዘር ሆኖ ሳለ ነው። ፍርድ ሲዘገይ አይቶ ልቡ ለሚናወጥ ሰው የተወለት ምስክርነት ይህ ነው።