ምረቃ፦ በሴፍቲኔት ቀበሌዎች
"ተመረቀ" ሲባል ለከተማ ሰው ጋዋንና አበባ ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት ቀበሌዎች ግን አንድ ቤተሰብ ከተረጂነት መዝገብ ወጣ ማለት ነው። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. በመንግሥትና በለጋሾች ትብብር ሲጀመር፣ ጉልበት ያለው እርከን እየሠራ፣ ኩሬ እየቆፈረ በጥሬ ገንዘብ ወይም በእህል ይከፈለዋል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይደገፋል ተባለ። የሚመረቀውም 12ቱን ወር ራሱን መመገብና መለስተኛ ድርቅ መቋቋም የቻለ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ክፋቱ ምረቃ ኮታ ሲሆን ይመጣል። ሁለት ፍየልና አንዲት ጊደር ያላት እናት "ጥሪት አፍርታለች" ተብላ ከተሰረዘች፣ በልጉ ሲቀር መጀመሪያ ፍየሎቹ ይሸጣሉ፤ ቀጥሎ ጊደሯ። ይህ ምረቃ ሊባል አይገባም። መዝጋቢዎች ሆይ፣ ስም ከመሰረዛችሁ በፊት ጎተራውን እዩ።