ተራ የማይጠበቅበት ሰንጠረዥ

በዛሬው ቼዝ ነጩ ይጀምራል፣ ጥቁሩ ይከተላል። ጥቁሩን የያዘ ሰው ገና ከመነሻው አንድ እርምጃ ተቀድሟልና፣ ወይ መሐሉን ተሻምቶ ይይዛል፣ ወይ ለባላጋራው ትቶለት ሠራዊቱን በጓሮ ያደራጃል። በስሎቬኒያዊው ቫስያ ፒርትስ ስም የሚጠራው መከላከያ ይህን ሁለተኛውን መንገድ የመረጠ ነው። ቦሪስ ስፓስኪማ እ.ኤ.አ. በ1966 ከቲግራን ፔትሮስያን ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲገጥም፣ ወታደሮቹን አንድ አንድ ካሬ እያስጠጋ «ጉማሬ» የተባለውን አሰላለፍ ሁለት ጊዜ በጥቁር ተጫውቶታል። ሁለቱም ጊዜ አቻ ወጣ።

የአገራችን የድሮ ሰንጠረዥ ተጫዋች ይህ ጭንቀት አልነበረበትም። ማን ይጀምር የሚባል ነገር የለማ! ሁለቱም ባንድ ጊዜ፣ ተራ ሳይጠብቁ፣ እንደ ፍጥነታቸው ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ወረራ ይባላል፤ የሚያበቃውም አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ነው። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

ስለ ጨዋታው በሰፊው ከጻፉት አንዱ የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነው። ጎጃምን አይቷል፣ ዓባይንም ተሻግሮ ጉድሩ ደርሷል። በ1860 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ መጽሐፉ የታተመው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ወረራን የሚያስችለው የጠጠሮቹ ዝግታ ይመስለኛል። በንግሥቲቱ ቦታ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንዲት ካሬ ብቻ ይሄዳል። በጳጳሱ ቦታ የሚቆመው ፊል በሰያፍ ሁለተኛዋ ካሬ ላይ ዘሎ ያርፋል፣ ከዚያ አያልፍም። ወታደርም ሁለት ካሬ አይራመድም። ከሩቅ የሚመታው እንደ ዛሬው ግንብ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ደር ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ በወታደሮቹ ተዘግቷል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች አይቸኩልም። ዓይኑን ባላጋራው እጅ ላይ ተክሎ፣ ያ በግራ ሲከማች እሱ በቀኝ ያዘጋጃል። ስፓስኪ በጉማሬው አሰላለፍ የፈለገው ነፃነት እዚህ ለሁለቱም ወገን እኩል የተሰጠ ነበር።

አጨራረሱም ወግ ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መግደል ብዙም አያስመሰግንም፤ በፊል፣ በፈርዝ፣ ይልቁንም በወታደር መግደል ነበር የሚያስከብረው። ደካማውን ጠጠር ለመጨረሻው ምት ማድረስ ትዕግሥት ይጠይቃልና፣ እኔም ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ።

ጨዋታው በአብዛኛው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር እንደተጫወቱ ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም በሰንጠረዥ ችሎታቸው ይታወቁ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አሰባስቦ ባያወጣው ኖሮ ብዙው ተረስቶ ይቀር ነበር።

ጎጃም ውስጥ አምበር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ ቼዝ ዘርግቶ ወረራን ልሞክር የሚል ሰው ካለ፣ የዛሬዋ ንግሥት አታስችለውም፤ መንገዷ ከተከፈተ በአንድ እርምጃ ባላጋራው ሰፈር ትገባለች። መጀመሪያ እሷን ወደ ፈርዝነት፣ ጳጳሱንም ወደ ፊልነት ይመልስ።