ፋብሪካው ሞተ፣ ሞተር ሳይክሉ ግን አልሞተም

እንግሊዝ አገር ነው እንበል። ከመኖሪያ ቤቱ ጀርባ ባለች የእንጨት ጎጆ ውስጥ አንድ ጡረተኛ በ1960ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ቢኤስኤ ሞተር ሳይክል ሊፈታ ተንበርክኳል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በእጁ የያዘው ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠውን በሚሊሜትር የተለካ መፍቻ ነው። 14 ቁጥሩ ዳዶው ላይ ይላላል፤ 13 ቁጥሩ አይገባም። በግድ ካለ የዳዶው ጠርዝ ይላጥና ነገሩ የመዶሻና የመሮ ጉዳይ ይሆናል።

ጥፋቱ የመፍቻው አይደለም። ሰውየው ሳያውቀው ከ1841 ጋር እየታገለ ነው።

በዚያ ዓመት ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ የማንችስተር መሐንዲስ የብሎን ጥርስ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ብሎን ነበር የሚቆርጠው፤ የአንዱ ዳዶ ለሌላው አይሆንም ነበር። ዊትዎርዝ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገ፤ ለእያንዳንዱ የብሎን ውፍረትም በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ጥርስ እንደሚኖር ወሰነ። ባቡሩም መርከቡም በዚሁ ልክ ታሰረ። መፍቻው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ የዳዶውን ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት ነው የሚናገረው። ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካና የእንግሊዝ ብሎን አልገጥም ማለቱ ሠራዊቶቹን ሲያማርር ስለከረመ፣ በ1948 ሁለቱ አገሮችና ካናዳ አንድ የጋራ ልኬት ለመጠቀም ተስማሙ። የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች ግን ወደ አዲሱ ልኬት ለመዞር ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው፤ እሱንም ቢሆን ቁራጭ በቁራጭ። በዚህ ምክንያት በዚያ ዘመን ማብቂያ የተሠራ አንድ ሞተር ሳይክል ላይ ሦስት ዓይነት ብሎን ይገኛል፦ የዊትዎርዝ፣ ከብስክሌት የተወረሰው በኢንች 26 ጥርስ ያለው፣ እና አዲሱ የጋራ ልኬት። ይህ የመሐንዲሶች ስንፍና አልነበረም። መቁረጫ ማሽኖቹ ያረጁ ነበሩ፤ አዲስ መግዣ ገንዘብ ደግሞ ኃላፊዎቹ አልፈቀዱም። የኩባንያው አወዳደቅ ዜና ከመሆኑ በፊት ብሎኑ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል።

(ለነገሩ ብረት ታሪክ መያዙ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ መካኒክ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ ሲል ጣሊያንኛ እየተናገረ ነው። ጣሊያን በ1941 ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን ጋራዡ ውስጥ ቀረ።)

ቢኤስኤ በ1861 በበርሚንግሃም በጠመንጃ ሠሪዎች የተቋቋመ ኩባንያ ነው። በ1910 ወደ ሞተር ሳይክል ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤም 20 የተባለውን ሞዴል ብቻ 126,000 ያህል ለሠራዊቱ አቀረበ። በ1951 ተፎካካሪውን ትራያምፍን ገዛ። በዚያ ዘመን በዓለም ትልቁ የሞተር ሳይክል አምራች ይባል ነበር። ኖርተን፣ ሮያል ኤንፊልድ፣ ቪንሰንት፣ ቬሎሴት ሲጨመሩ እንግሊዝ በዚህ ዘርፍ ተወዳዳሪ ያላት አይመስልም ነበር።

ሆንዳ የተመሠረተው በ1948 ነው። በ1959 በአይል ኦፍ ማን ውድድር ብቅ አለ፤ በ1961 አሸነፈ። ከትራያምፍ ታላላቅ ሞዴሎች ጀርባ የነበረው ኤድዋርድ ተርነር በ1960 ጃፓን ሄዶ ፋብሪካዎቹን ተመልክቶ ደንግጦ ተመለሰ። የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። በጊዜው የነበረው መጽናኛ «ጃፓኖቹ ትንንሹን ይሥሩ፤ ወጣቱ በትንሹ ተለማምዶ ሲያድግ የእኛን ትልቁን ይገዛል» የሚል ነበር። በ1969 ሆንዳ ባለ 4 ሲሊንደሩን ሲቢ 750 ገበያ ላይ አወጣ፤ ፊት ለፊቱ የዲስክ ፍሬን፣ በቁልፍ የሚነሳ ሞተር፣ ዘይት የማያፈስ። ትራያምፍና ቢኤስኤ ጥቂት ወራት ቀድመው ያወጡት ባለ 3 ሲሊንደር ግን አሁንም በእግር የሚረገጥ፣ ፍሬኑም ባለ ከበሮ ነበር።

የዘይቱ ነገር ቀልድ ሆኖ ቀርቷል። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የእንግሊዙ የሞተር ቤት መሐል ለመሐል ከላይ ወደ ታች ለሁለት ተከፍሎ የሚገጠም ስለሆነ መጋጠሚያው ዘይቱ በሚጠራቀምበት ታች ድረስ ይወርዳል። ጃፓኖቹ በአግድም ከፈሉት፤ መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ ሆነ።

ውድቀቱ ፈጣን ነበር። በ1973 ቢኤስኤ ከኖርተን ጋር ተዋሕዶ በአዲስ ኩባንያ ሥር ገባ። ኩባንያው በመስከረም ወር የትራያምፍን የሜሪደን ፋብሪካ እዘጋለሁ ሲል ሠራተኞቹ በሩን ዘጉና ፋብሪካውን ያዙት። ከዓመት በላይ ከቆየ ትግል በኋላ፣ በሌበር መንግሥቱ የኢንዱስትሪ ሚኒስትር በቶኒ ቤን ድጋፍ፣ በ1975 የሠራተኞች ማኅበር ሆኖ ማምረት ቀጠለ። እስከ 1983 ተንገዳግዶ ቆመ። የቢኤስኤ የስሞል ሂዝ ፋብሪካ ደግሞ በ1970ዎቹ ፈረሰ።

ብዙ ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ ይቆማል፤ የአንድ ኢምፓየር ኢንዱስትሪ አሟሟት ተብሎ። ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ፋብሪካው ከፈረሰ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ታዲያ ያ ጡረተኛ ዛሬ ፒስተን ከየት ያመጣል?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። ብልህ ሰው ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያነሳል፤ ገመዱ በየት እንደዞረ ከሦስት ወር በኋላ ማንም አያስታውስም። ዳዶውን በየቆርቆሮው ከፋፍሎ ስም ይጽፍበታል። ፒስተኑ ዝጎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ዘይት አፍስሶ ለቀናት ይጠብቃል፤ መዶሻ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ሲሊንደሩ ከተበላ ቶርኖ ቤት ይወሰዳል፣ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ሰፋ ያለ ፒስተን ይገባበታል። ፋብሪካው ገና ከመጀመሪያው በሺህኛ ኢንች 20፣ 40 እያለ የሚሰፋ ፒስተን ይሸጥ ነበር። ማለትም ማሽኑ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ እንደሚታደስ ታስቦ ነው የተሠራው።

ከሁሉ ጀማሪውን የሚያከስረው አንድ የማይታይ ቦታ ነው። የእነዚህ ሞተሮች የዘይት ማጣሪያ ወንፊት ከመሆን ብዙም አያልፍም። ደቃቁ ቆሻሻ በሚሽከረከረው ዘንግ ውስጥ ባለች ቱቦ ተገፍቶ እንዲጠራቀም ነው የተደረገው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ቱቦዋ እንደ ሸክላ በጠነከረ ጭቃ ትሞላለች። ቀለሙን አሳምሮ፣ ማርሚታውን አስነክሮ፣ ይህችን ቱቦ ያልከፈተ ሰው ሞተሩን አስነስቶ ጥቂት እንደነዳ ዘይት ያልደረሰው ኩሽኔታ ይበላና ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። ኤሌክትሪኩም የራሱ ወጥመድ አለው። በዚያ ዘመን ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። በዛሬው ልማድ ኔጋቲቩን ያሰረ ሰው በጭስ ይማራል። ሉካስ የተባለውን የኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች እንግሊዞቹ «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ፒስተኑና ጓርኒሲዮኑ፣ ኬብሉና ካርቡራቶሩ የሚመጣው ፋብሪካዎቹ ሲፈርሱ ሥዕሉንና መሣሪያውን ከቆሻሻ ካዳኑ ሰዎች ነው። ጥሩው ምሳሌ ቪንሰንት ነው። ኩባንያው ሞተር ሳይክል መሥራት ያቆመው በ1955 ነው። ባለቤቶቹ ግን ከ1948 ጀምሮ ማኅበር ነበራቸው። በ1975 አባላቱ ገንዘብ አዋጥተው የመለዋወጫ ኩባንያ አቋቋሙ፤ የጎደለውን ዕቃ ከሥዕሉ እያስቀረጹ ማምረት ጀመሩ። ኋላ ላይ ምን ያህል እንደሄዱ ለማሳየት በአዲስ መለዋወጫ ብቻ አንድ ሙሉ ብላክ ሻዶ ገጣጥመው አቆሙ። ፋብሪካ የሌለው ፋብሪካ።

ትራያምፍም ከዚህ አልራቀም። የሜሪደን ማኅበር ከወደቀ በኋላ ስሙን የገዛው የሕንፃ ተቋራጩ ጆን ብሉር የራሱን አዲስ ፋብሪካ እስኪያቆም ድረስ ቦኔቪልን እንዲሠራ ፈቃድ የሰጠው ሌስ ሃሪስ ለተባለ ሰው ነው። ሃሪስ ማን ነበር? የመለዋወጫ አምራች። ከ1985 እስከ 1988 የዚያን ዝነኛ ሞተር ሳይክል ስም ያቆየው ዕቃ ሻጩ ነው።

ወረቀቱም ከብረቱ አያንስም። በ1946 የተመሠረተው የጥንት ሞተር ሳይክሎች ክለብ የብዙዎቹን ፋብሪካዎች የመላኪያ መዝገብ ይዟል። የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር የላከ ሰው ማሽኑ መቼ እንደወጣ፣ ወደ የትኛው ሻጭ እንደተላከ ሊያውቅ ይችላል። ያ መረጃ ታርጋ ለማውጣትም ይጠቅማል። የሂሳብ ሠራተኛ በብዕር የሞላው ደብተር ካልተጣለ ከስድሳ ዓመት በኋላም ሥራ ይሠራል።

ሌላ መንገድም ነበር፤ እሱ በባሕር የሚሻገር ነው።

የሕንድ ሠራዊት ከነፃነት በኋላ ድንበሩን የሚቃኝበት ሞተር ሳይክል ፈለገና የሮያል ኤንፊልድን ቡሌት መረጠ። በ1955 በማድራስ፣ በዛሬዋ ቼናይ፣ ኤንፊልድ ኢንዲያ ተቋቋመ። መጀመሪያ ከሬዲች የሚመጣውን ዕቃ ነበር የሚገጣጥሙት። ቀጥሎ የማምረቻ መሣሪያው ራሱ ተሸጠላቸውና ዕቃውን እዚያው መሥራት ጀመሩ። የሬዲቹ ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ፤ በ1970 የእንግሊዙ ምርት ጨርሶ ቆመ። በማድራስ ግን ማንም ሥራ አላቆመም። እናት ስትሞት ልጅቱ አልሰማችም እንደማለት ነው። በ1977 ሕንዶቹ ያንኑ ቡሌት መልሰው ለእንግሊዝ መሸጥ ጀመሩ።

ብዙ እንግሊዛዊ በጊዜው ሳቀ። አሮጌ ዲዛይን፣ ሸካራ አሠራር ተባለ። ትችቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ ሞተሩ ለአሥርት ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ነው የተሠራው። የ1950ዎቹን ቡሌት በጎጆው ውስጥ ለሚያድስ ሰው ግን ያ «ኋላ ቀርነት» በረከት ነበር፤ ብዙውን መለዋወጫ አዲስ ሆኖ ከፋብሪካ ያገኘዋል። የዛሬው ሮያል ኤንፊልድ በ2024/25 የበጀት ዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ ሞተር ሳይክል ሸጧል። ኖርተንን በ2020 የገዛው የሕንዱ ቲቪኤስ ነው። የቢኤስኤ ስም በማሂንድራ ቤተሰብ እጅ ነው። ትራያምፍ 400 ሲሲዎቹን በሕንድ የሚያስመርተው ከባጃጅ ጋር ነው። አዎ፣ ያው ባጃጅ። በአገራችን ከተሞች ባለ ሦስት እግሯን ታክሲ በስሙ የምንጠራት ኩባንያም የጀመረው የጣሊያኑን ቬስፓ በፈቃድ በመሥራት ነው።

ይህን እንደ ቅኝ ግዛት በቀል አድርጎ መተረክ ይጣፍጣል፤ ግን ትክክል አይደለም። ሕንድ ያሸነፈችው ስለተናደደች ሳይሆን መሣሪያው ሲሸጥ ስለገዛችና አርባ ዓመት ሳትጥለው ስለሠራችበት ነው። በርሚንግሃም ያንኑ መሣሪያ ለቁራሌው ሰጠ።

በጎጆዎቹ ውስጥ የሚሠራው ሁሉ ግን ያስመሰግናል ማለት አይደለም። ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረውን ያህል የሚያብረቀርቅ፣ እያንዳንዱ ብሎኑ የተወለወለ፣ ተነድቶ የማያውቅ «የታደሰ» ሞተር ሳይክል በየኤግዚቢሽኑ ሞልቷል። ያ ሐሰተኛ ታሪክ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው ዝገቱን ሳይነኩ በዘይት ጨርቅ እየወለወሉ ብቻ የሚያቆዩትን ማሽን አሁን አሁን የበለጠ ያከብሩታል። አንድ ማሽን መጀመሪያ በነበረበት ሁኔታ የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተላጠ አለቀ።

መንግሥቱም ቢሆን በአንድ እጁ ይሰጣል፣ በሌላው ይወስዳል። ከ2018 ጀምሮ ከ40 ዓመት በላይ የሆነውና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት ተሽከርካሪ ከዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። በ2021 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን በየማደያው መደበኛ ሆነ። ኢታኖሉ የአሮጌ ጎማ ቱቦን ያበላሻል፤ በ1960ዎቹ ከፋይበር ግላስ የተሠራውን ሰልባትዮ ከውስጥ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ካርቡራቶሩ ውስጥ ገብቶ እንደ ሙጫ ይደርቃል። አዳሹ ሰልባትዮውን በኬሚካል ያስለብሳል፣ ወይም ኢታኖሉ ያነሰበትን ውዱን ቤንዚን ይገዛል።

ዛሬ ከፋብሪካ የሚወጣው ሞተር ሳይክል ነዳጁን የሚቆጣጠረው በትንሽ ኮምፒውተር ነው። ብልሽቱን ለማንበብ የአምራቹ ሶፍትዌር፣ ሶፍትዌሩን ለመክፈት የአምራቹ ፈቃድ የሚያስፈልግበት ብዙ ነው። የቢኤስኤን ፒስተን ከናሙናው ወስዶ ቶርኖ ላይ መቅረጽ ይቻላል። የተቆለፈ ኮድ ግን ቶርኖ ላይ አይታሰርም። የዚህ ዘመን ሞተር ሳይክል አምራቹ ከስሮ በሩን በዘጋ በሃምሳኛው ዓመት ጎጆው ውስጥ የሚንበረከከው ሰው በእጁ ምን ይዞ እንደሚመጣ ከወዲሁ የሚወስነው የዛሬው አምራችና የዛሬው ሕግ አውጪ ነው።