የሪሞቱ ሌላኛው ጫፍ

ኖቬምበር 9 ቀን 2022 ስሊንግቦክስ የሚባሉ ሣጥኖች በያሉበት ቤት ሥራ አቆሙ። አልተቃጠሉም፣ መብራትም አልጠፋም። ኢንተርኔታቸው ይሠራል፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኛቸው ሽቦም እንደተሰካ ነው። የጠፋው ባለቤቶቹ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁት ነገር ነው፤ የኩባንያው ሰርቨር። ኩባንያው ከሁለት ዓመት በፊት አስታውቆ ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ አጠፋው። በቃ፣ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ ሳሎኑ ያስቀመጠው ዕቃ በአንድ ቀን ጌጥ ሆኖ ቀረ።

እኔ ሙያዬ ሶፍትዌር ነው። ሰርቨር ማጥፋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የሚገርመኝ መጥፋቱ አይደለም። የሚገርመኝ የሳሎን ቴሌቪዥን መቆጣጠሪያ መጀመሪያ እዚያ ድረስ እንዴት እንደሄደ ነው። ሪሞት ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ እጃችን ላይ ነው፣ ሌላኛው ትእዛዙን የሚቀበለው ነው። የሪሞት ታሪክ ማለት ያ ሁለተኛው ጫፍ ቀስ በቀስ ከቤት የወጣበት ታሪክ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሽቦ ነበር። የቺካጎው ዜኒት ኩባንያ በ1950 «ሌዚ ቦንስ» የሚል ሪሞት አወጣ፤ በእኛ «ሰነፎ» እንደማለት ነው። ቻናል ይቀይራል፣ ቴሌቪዥኑን ያበራል ያጠፋል። ችግሩ ገመዱ ሳሎኑን አቋርጦ ስለሚሄድ ሰው እያደናቀፈ ይጥላል። የዜኒት አለቃ ዩጂን ማክዶናልድ ማስታወቂያ የሚባል ነገር አይወድም ነበር፤ ተመልካች ከወንበሩ ሳይነሳ ማስታወቂያን ዝም የሚያሰኝበት መሣሪያ ይፈልግ ነበር። በ1955 ዩጂን ፖሊ የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ ያለ ሽቦ የሚሠራውን «ፍላሽ ማቲክ» ሠራለት። ባትሪ መብራት ነው ማለት ይቻላል። በስክሪኑ አራት ማዕዘኖች ላይ ብርሃን የሚለዩ ሴሎች ተገጥመዋል፤ መብራቱን ወደ አንዱ ስታነጣጥሩ ትእዛዝ ይሆናል። የማይለየው ነገር ቢኖር የእናንተን መብራት ከፀሐይ ብርሃን ነው። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ ቴሌቪዥኑ ራሱን በራሱ ቻናል ይቀይር ጀመር።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1956፣ በቪየና የተወለደው ሮበርት አድለር የተሻለ መላ አመጣ። «ስፔስ ኮማንድ» በውስጡ አራት የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት። ቁልፉን ስትጫኑ ትንሽ መዶሻ ዘንጉን ትመታለች፤ ዘንጉ የሰው ጆሮ የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ያወጣል። እያንዳንዱ ዘንግ ርዝመቱ ስለሚለያይ ድምፁም ይለያያል፤ ቴሌቪዥኑ ያንን ለይቶ ይታዘዛል። ባትሪ የሚባል ነገር የለውም። ምክንያቱ ደስ ይላል፤ የሽያጭ ሰዎቹ ባትሪው ሲያልቅ ደንበኛው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ እንዳይመስለው ፈርተው ነው። በእርግጥ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ድምፁን የሚቀበሉ ስድስት ተጨማሪ ቫልቮች ስለሚያስፈልጉ ዋጋው በ30 በመቶ ገደማ ጨመረ። ግን ሠራ። በ1980ዎቹ በኢንፍራሬድ እስኪተካ ድረስም ድምፅ የሪሞት ዋና ቋንቋ ሆኖ ቆየ።

እስካሁን ልብ በሉ፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልለን የምናስቀምጥበት፣ ልጆች የሚጣሉበት ያ ሳሎን ውስጥ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የጊዜ ነው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስን ለገበያ አቀረበ፤ የዛሬን ፕሮግራም ቀድቶ ነገ ማየት ተቻለ። ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ በ1976 ከሰሱ። ክርክሩ ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቶ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ለሶኒ ፈረደ፤ ሰው በቤቱ ሆኖ በኋላ ለማየት መቅዳቱ ጥፋት አይደለም አለ። ፍርዱ ውስጥ ከተጠቀሱት ምስክሮች አንዱ የልጆች ፕሮግራም አቅራቢው ፍሬድ ሮጀርስ ነው፤ ቤተሰቦች የእሱን ፕሮግራም ቀድተው በሚመቻቸው ሰዓት ቢያዩ ቅር እንደማይለው ተናግሮ ነበር። አንድ ድምፅ ወደ ሌላው ቢያዘነብል ኖሮ በየቤቱ ያለው የቪዲዮ መቅጃ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ጊዜ ከተፈታ ቦታስ? በካሊፎርኒያ የሚኖሩት ብሌክና ጄሰን ክሪኮሪያን የሚባሉ ወንድማማቾች የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ ቤዝቦል ቡድን ደጋፊዎች ነበሩ። ከከተማቸው ሲርቁ ግን ጨዋታውን ማየት አይችሉም። ቤታቸው ግን የከፈሉበት ቴሌቪዥን አለ። ታዲያ ለምን እዚያ ያለው ቴሌቪዥን ወደ እነሱ አይመጣም? በ2005 የመጀመሪያውን ስሊንግቦክስ በ250 ዶላር ገደማ መሸጥ ጀመሩ።

አሠራሩን እንደ ኢንጂነር ሳየው ያስቀናኛል። ሣጥኑን ከረሲቨሩ ጋር በሽቦ ታገናኙታላችሁ። ሣጥኑ ምስሉን ተቀብሎ መጠኑን አሳንሶ በኢንተርኔት ይልከዋል። የዚያን ጊዜ የቤት ኢንተርኔት አፕሎድ ደካማ ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ሲጠብ የምስሉን ጥራት ራሱ ይቀንሳል፣ ሲሰፋ ይጨምራል። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ እንደ ቀላል ነገር የምናየው ማለት ነው። ሁለተኛው ሥራው ደግሞ ይበልጥ ያስቃል። ከሣጥኑ የሚወጣ ቀጭን ሽቦ ጫፉ ላይ ኢንፍራሬድ መብራት አለው፤ እሱን ረሲቨሩ ፊት ታስቀምጡታላችሁ። ሆቴል ሆናችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ «ቻናል 5» ስትሉ፣ ትእዛዙ በኢንተርኔት ቤት ይደርስና ያቺ መብራት ልክ እንደ ሪሞት ለረሲቨሩ ብልጭ ትልለታለች። ረሲቨሩ ከፊቱ ሰው የቆመ ነው የሚመስለው። ቤት ቁጭ ብሎ በዚያው ረሲቨር ፊልም የሚያይ ሰው ካለ ደግሞ ቻናሉ ድንገት ይቀየርበታል። ወንድም ሌላ ከተማ ሆኖ ሪሞት ሲቀማ አስቡት።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። የቤት ኢንተርኔት አድራሻ በየጊዜው ይቀያየራል፣ ራውተሩም ከውጭ የሚመጣን እንግዳ ዝም ብሎ አያስገባም። ታዲያ ሆቴል ያለው ኮምፒውተር ሣጥኑን የት ብሎ ይፈልገው? እዚህ ላይ ደላላ ያስፈልጋል። ሣጥኑ ለኩባንያው ሰርቨር «እኔ ያለሁት እዚህ ነው» ይላል፣ ተመልካቹም ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ያገናኛቸዋል። ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ተጠቃሚው ምንም ሳይጨነቅ ሰካ አድርጎ እንዲያይ አድርጎታል። ግን በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ጫፍ ከቤት ወጣ። ምስሉ የእናንተ፣ ሣጥኑ የእናንተ፣ መስመሩም የከፈላችሁበት ሆኖ ሳለ፣ አድራሻውን የሚያውቀው ደላላው ነው።

በመካከል ሌላም በር ጠባቂ አለ። በ2009 የስሊንግ መተግበሪያ ለአይፎን ሲወጣ ኤቲ ኤንድ ቲ በሞባይል መስመሩ ላይ እንዲሠራ አልፈቀደም፤ በዋይፋይ ብቻ ሆነ። ፈቃዱ የመጣው በ2010 ነው። ኩባንያው ራሱ ደግሞ በ2007 በ380 ሚሊዮን ዶላር ለኤኮስታር ተሸጦ ነበር፤ ማለትም ደላላው ጌታ ቀይሯል።

ሁለተኛው ጫፍ የት እንዳለ ለሕግም ትልቅ ጉዳይ ነው። ኤሬዮ የሚባል ኩባንያ በ2012 ኒውዮርክ ላይ ሌላ ሐሳብ ሞከረ፤ ሣጥን አያስፈልግም፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ የጣት ጫፍ የምታክል አንቴና እኛ ጋ እናከራያለን አለ። ለተመልካቹ ውጤቱ ከስሊንግቦክስ ብዙም አይለይም። ነገር ግን አንቴናዎቹ ያሉት ኩባንያው ቤት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2014 ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ኤሬዮ የሰው ሥራ ለሕዝብ እያሰራጨ ነው ብሎ ፈረደበት፤ ኩባንያውም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች ሰርቨሩን መደበቅ እንኳ ትተዋል። በ2013 በ35 ዶላር የወጣው ክሮምካስት ስልካችንን ሪሞት አደረገው፤ ስልኩ ብዙ ጊዜ ቪዲዮውን አይልክም፣ «ይሄን አጫውት» ብሎ ያዛል እንጂ። ቪዲዮውን ራሱ ክሮምካስቱ ከኢንተርኔት ይጎትታል። ፈጣን ነው፣ የስልክ ባትሪ አይበላም። በማርች 2025 ግን የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በአንድ ጊዜ እምቢ አሉ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ መሣሪያው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ለ10 ዓመት የተሰጠ ዲጂታል ሰርተፊኬት ቀኑ አልፎበት ነው። ጉግል በቀናት ውስጥ አስተካከለው። አንድ እንኳ ሽቦ አልተበጠሰም፤ የተበላሸው ቀን ነው።

ይሄ የግድ አልነበረም። በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች ለኤክስቦክስ ጌም ማጫወቻ የጀመሩት ኤክስቢኤምሲ፣ ከ2014 ጀምሮ ኮዲ የተባለው፣ የራሳችሁን ዲስክ ላይ ያለ ፊልም በራሳችሁ ቤት መስመር ያጫውታል፤ ከስልክም ትቆጣጠሩታላችሁ፣ የማንንም ሰርቨር አይጠይቅም። ስሊንግቦክስም ቢሆን ሁሉም አልሞተም። ሣጥኑን በቀጥታ የሚያናግር ነፃ ፕሮግራም የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ ሰርቨሩ ከመጥፋቱ በፊት የሣጥናቸውን የይለፍ ቃል አውጥተው የያዙ ባለቤቶች በዚያ መጠቀም ቀጠሉ። ይሄ የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ደላላው ለምቾት ያስፈልግ ነበር እንጂ ሣጥኑ ያለ እሱ መሥራት ይችል ነበር። ኩባንያው ያንን በር ለሁሉም ከፍቶ መሄድ ይችል ነበር፤ አልከፈተም።

ይሄ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ የአገር ቤት ቻናል በኢንተርኔት ሣጥን የሚከታተል ሰው ሁሉ ሁለተኛው ጫፉ ማን ጋ እንዳለ መጠየቅ አለበት። እኔ እንደዚህ ያለ ዕቃ ለሚያማክረኝ ሰው አንድ ፈተና እነግረዋለሁ፦ ከራውተሩ ጀርባ የኢንተርኔቱን መስመር ንቀሉ፣ የቤት ዋይፋዩን ተዉት፣ ከዚያ በራሳችሁ ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም ለማጫወት ሞክሩ። እምቢ ካለ፣ የገዛችሁት ዕቃውን ሳይሆን ኩባንያው እስከፈለገ ድረስ የሚቆይ ፈቃድ ነው። ቢያንስ ስትከፍሉ እወቁት።

የ1956ቱን ስፔስ ኮማንድ ዛሬ የሆነ ቦታ ብታገኙትና ቁልፉን ብትጫኑት፣ መዶሻዋ ካልተሰበረች ዘንጉን ትመታለች። የሚሰማው ቴሌቪዥን ላይኖር ይችላል። እሱ ግን ድምፁን ለማውጣት ማንንም አይጠይቅም።