ከአያ ጅቦ ጋር ያለብኝ ሂሳብ

ወዳጆቼ፣ በተለይ ቢቸናና ሞጣ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ዛሬ ስለ ጅብ ላውጋችሁ። ብትስቁም እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ያለብኝ ዕዳ አለ።

«ጅብ ፈሪ ነው፣ የአንበሳ ትራፊ ነው የሚለቅም» ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ተሳስቼ ነበር። ሃንስ ክሩክ የሚባል ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ታንዛኒያ፣ ንጎሮንጎሮ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሲከታተለው፣ ጅቡ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ እያደነ ሲበላ አገኘው። ጠዋት አንበሳ ሥጋው ላይ ተኝቶ ጅቦች ከበውት ሲታዩ ትራፊ የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ገዳዮቹ እነሱ፣ ቀማኛው አንበሳው ነበር! አለቃዋ ደግሞ ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች።

የእኛ አገር ጅብ ታሪክ ግን ከሰው ታሪክ አይነጠልም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) ገደማ እዚሁ ጎጃም፣ ሜጫ ሳለ፣ ማታ ከድንኳኑ ወጣ ብሎ ሲመለስ በጨለማው ሁለት ዓይን አፈጠጠበት። መብራት ሲመጣ ጅብ አልጋው ራስጌ ቆሟል፣ በአፉ የሻማ እስር ነክሶ። (ሻማው የሞራ ቢሆን ነው እንጂ ምን ያደርግለታል?)

በ1880 ዓ.ም. የከብት በሽታ ገብቶ በሬው ሲያልቅ፣ እርሻ ቆመ፤ ክፉ ቀን ሆነ። ያን ጊዜ ቀባሪ ያጣውን ሬሳ ጅብ በላው፤ ቀጥሎም አቅም ያነሰውን ሰው በቁሙ ይደፍር ጀመር። አያቶቻችን ጅብን የሚፈሩት ወደው አይደለም።

ስንጾምም ያውቃል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ሰብስበው መረመሩ። በሁዳዴ ዕርድ ሲቆምና አጥንት ሲጠፋ፣ ኩሱ ውስጥ የተገኘው የአህያ ፀጉር ከ15 በመቶ ገደማ ወደ 33 በመቶ ገደማ ከፍ አለ። እኛ ስንጾም አህያ ይከፍላል ማለት ነው። ጥናቱ የታተመው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ የአገሬ ገበሬ ግን ሁዳዴ ሲገባ አህያውን በጊዜ ማስገባት ከጥናቱ በፊትም ያውቅበታል።

አሁን ወደ ዕዳዬ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል» ስንል ኖረናል። ማረሻችንን የሚሠራልን እሱ፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምትሠራልን እሷ! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ስንት ዘመን በኋላ፣ ሞጣ ውስጥ የጅብን ትምህርት ሳስተምር አንዱ ተነስቶ፣ «ጋሼ፣ እሱን ይጠይቁት፣ እሱ ያውቃል» ብሎ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጠቆመ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ከዚያ ጠመኔዬን አንስቼ ቀጠልኩ። ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጁን አውጥቶ አልመለሰልኝም።

ስሙን እዚህ አልጽፍም። አንተ ግን ራስህን ታውቃለህ። መሳቄን አልረሳሁትም፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።