የቀለጠ ብረት እፍግታ እንዴት ተለካ?

ስለ እፍግታ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ከአርኪሜደስ ነው። ቁራጭ ብረት በአየርና በውሃ ውስጥ እንመዝናለን፤ ከልዩነቱ ይዘቱን እናገኛለን፤ መጠነ ቁሱንም ለይዘቱ እናካፍላለን። ነገር ግን አንድ ተማሪ ተነሥቶ «ብረቱ ቀልጦ ፈሳሽ ሲሆንስ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን? ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለ ፈሳሽ በምን ይለካል? ይህ ጥያቄ በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር መሐንዲሶችን አከራክሯል። ታሪኩን በአጭሩ እንመልከት። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የክርክሩ መነሻ በብረት ማቅለጫ ቤቶች የታየ ነገር ነው። ለማሽን አካል በቅርጽ የሚፈሰው ብረት ንጹሕ ብረት ሳይሆን ከካርቦንና ከሲሊኮን ጋር የተቀየጠ ነው። ሠራተኞቹ የዚህን ቅይጥ ጠጣር ቁራጭ በራሱ ፈሳሽ ላይ ሲንሳፈፍ ያዩት ነበር። ስለዚህ ብዙዎች «ብረትም እንደ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፤ ጠጣሩ ከፈሳሹ ይቀልላል» አሉ።

መሐንዲሱ ሮበርት ማሌት ግን ይህን አልተቀበለም። በ1874 እንዳስረዳው፣ ሾጣጣ የብረት ዕቃ እስከ አፉ ድረስ በቀለጠው ቅይጥ ሞላ። ዕቃው የተሠራው ካርቦን እጅግ ካነሰበት ብረት ስለ ነበር በዚያ ሙቀት አይቀልጥም። ዕቃው በሙቀት የሰፋውንም ያህል በሒሳቡ ውስጥ አስገባ። ውጤቱም ለፈሳሹ 6.65፣ ለቀዝቃዛው ጠጣር 7.17 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሆነ። ጠጣሩ የሚከብድ ከሆነ ታዲያ ለምን ይንሳፈፋል?

መልሱን ያቀረበው ቶማስ ራይትሰን የተባለ ሌላ መሐንዲስ ነው። መሣሪያውን ኦንኮሲሜትር ብሎ ሰየመው። የብረት ኳስ በሞላ ላይ ተንጠልጥሎ በቀለጠው ብረት ውስጥ ይጠልቃል። ኳሱ ከፈሳሹ ከከበደ ሞላው ይሳባል፤ ከቀለለ ይኮማተራል። ይህን እንቅስቃሴ እርሳስ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። የተጻፈው መስመር ነገሩን ገለጠው። ኳሱ በመጀመሪያ ወደ ታች ሳበ፤ እየጋለ ሲሄድ ወደ ላይ ገፋ፤ በመጨረሻም ቀልጦ ከፈሳሹ ጋር ተዋሐደ። ራይትሰን ለዚያ ብረት ያገኘው እፍግታ ቀዝቃዛ ሳለ 6.95፣ ግሎ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ 6.50፣ ሲቀልጥ 6.88 ነበር።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች በከፊል ትክክል ነበሩ። ማሌት የተናገረው ስለ ቀዝቃዛው ብረት ነው፤ ሠራተኞቹ ሲንሳፈፍ ያዩት ግን በፈሳሹ ውስጥ የጋለውን ነው። ሁለቱም «ጠጣር ብረት» ቢሉም የተናገሩት ስለ አንድ ነገር አልነበረም።

በ1880ዎቹ መጀመሪያ ራይትሰን የእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ቤት ኬሚስት ከነበረው ከዊልያም ቻንድለር ሮበርትስ ጋር ሆኖ ቢስመዝን ለካ። ፈሳሹ 10.055፣ ጠጣሩ 9.82 ሆነ። ቢስመዝ በእርግጥ እንደ ውሃ ሲረጋ ይሰፋል።

ዘዴው ችግር አላጣም። የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ኳሱ የተንጠለጠለበትን ዘንግ ይስባል፤ የጋለ ፈሳሽም ከነካው ዕቃ ጋር ይዋሐዳል። ስለዚህ በዘመናችን የቀለጠች ጠብታ በኤሌክትሪክ ወይም በማግኔት ኃይል ዕቃ ሳይነካት በአየር ላይ ትያዛለች። ከፎቶግራፏ ይዘቷ ይሰላል፤ መጠነ ቁሷም ይመዘናል። ይህ ሥራ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያም ይካሄዳል።

በክፍላችን ብረት ማቅለጥ አንችልም። በረዶ በውሃ ውስጥ፣ የሻማ ቁራጭም በቀለጠ ሻማ ውስጥ መጨመር ግን እንችላለን። በረዶው ይንሳፈፋል፤ ሻማው ይሰጥማል። ከዚያ ተማሪዎቻችን እፍግታ በጻፉ ቁጥር «በስንት ዲግሪ? በምን ሁኔታ?» ብለው እንዲጠይቁ እናስለምዳቸው። መጠነ ሙቀቱ ያልተነገረ እፍግታ ግማሽ መልስ ነው።